ባሌስትራ፦ ከምኒልክ መኪና እስከ ቀበና ጋራዥ

በሕይወቱ ጋራዥ ረግጦ የማያውቅ አዲስ አበቤ ይኖር ይሆናል። «ባሌስትራው ተሰበረ» የሚለውን እሮሮ ከሾፌር አፍ ሳይሰማ ያደገ ግን አይገኝም። ቃሉን ከጎማው፣ ከፍሬኑ፣ ከማርሹና ከካንዴላው ጋር ጠቅልሎ የሰጠን ጣሊያን ነው። በአገሩ ትርጉሙ ቀስት ማለት ነው፤ ያውም አዳኝ በእጁ ለጥጦ የሚወረውረው ተራ ቀስት ሳይሆን፣ የጥንት የአውሮፓ ወታደር በእንጨት ሰደፍ ላይ አጋድሞ፣ ወጥሮና ቆልፎ፣ ምላጭ ስቦ የሚያስፈነጥረው የጦር መሣሪያ። ከመኪና ሥር ጎንበስ ብሎ ላየው ሰው ስያሜው ከቦታው የዋለ ነው። ደጋን መስለው የጎበጡ ብረቶች፣ ረጅሙ ከላይ አጭሩ ከታች፣ ተደራርበው በመሐላቸው በአንድ ቡሎን ታስረዋል፤ ሁለቱ ጫፎች ሻንሲውን ይሸከማሉ፣ መሐሉ ከመንኮራኩሩ ዘንግ ጋር ተጠፍሯል።

እንግዲህ የመኪና ወሬ በተነሣ ቁጥር የሚወራው ስለ ሞተሩ ነው። ስንት ፈረስ ጉልበት አለው? በሰዓት ስንት ይበራል? የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። ባሌስትራን የሚያስታውሰው የለም፤ የሚታወሰው ሲሰበር ብቻ ነው። እንደ ኢትዮጵያ ባለ ተራራና ገደላ ገደል በበዛበት አገር ግን መኪና መድረስ አለመድረሱን ሲወስን የኖረው ከሞተሩ ይልቅ ይህ የጎበጠ ብረት ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም። ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ተደራራቢው ብረት ከመኪና ይልቅ ዕድሜው ይገፋል። ለነገሥታትና ለመኳንንት ሠረገላ ሲያገለግል የኖረ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ኦባዲያ ኤሊየት እ.ኤ.አ. በ1804 ሁለት ደጋን ፊት ለፊት የተገናኙበትን ሞላላ ባሌስትራ በስሙ ካስመዘገበ ወዲህ ሠረገላ ቀለል ብሎ መሠራት ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ መኪና ሠሪዎችም ፈረሱን ፈትተው ሞተር ሲተኩ ባሌስትራውን እንዳለ ወረሱት። ታዲያ ሠረገላው በፈረስ እርምጃ ይሄድ ነበር። መኪናው ደግሞ ፈረስ ከሚጋልበው በላይ እየሮጠ ያንኑ ድንጋይ ይመታ ጀመር። የብረት መሰበር ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ወደ እኛ አገር እንምጣ። በ1900 ዓ.ም. ሁለት የውጭ ሰዎች ለአጼ ምኒልክ መኪና ለማድረስ ይሽቀዳደሙ ነበር። አንደኛው እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ሲሆን የያዘው ሲድሌይ የተባለውን መኪና ነው። ሁለተኛው ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ፣ በአገሩ ፋብሪካ የተሠራ ናከ የሚባል መኪና ይዞ መጣ። ቀድሞ የገባው ቤንትሌይ ነው። በዚያን ጊዜ የምድር ባቡሩ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ አዲስ አበባ የደረሰው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ውድድሩ የተካሄደው በግመልና በበቅሎ መንገድ ነው። ከቆላው አሸዋ ተነሥቶ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ ከዚያ ወደ ሸዋ ደጋ መውጣት ነበረበት። ከአዋሽ ዳር እስከ አዲስ አበባ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1000 ሜትር በላይ ነው። ዛሬ ለአገር አቋራጭ ውድድር ተብሎ በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ የሚፈስበት መኪና እንኳ እንዲያ ባለ መንገድ ላይ መካኒክና መለዋወጫ ሳያስከትል አይነሣም።

እነዚያ መኪናዎች ምን ነበራቸው? ከሠረገላ የተወረሰ ባሌስትራ፣ ቀጭን ጎማ፣ የሚያቃስት ሞተር። የመኪናውን ንጠት የሚያበርደው ሾክ አብዞርበር ገና ብርቅ የነበረበት ዘመን ነው። ንጠቱን የሚቀንሰው የባሌስትራው ብረቶች እርስ በርስ መፋተጋቸው ነበር። አሸዋ በመሐላቸው ሲገባ ደግሞ ፍትጊያው ብረቱን ይበላዋል።

ስለ ሁለቱም ጉዞ መጽሐፍ ተጽፏል። ሆልትስ የራሱን በዚያው በ1908 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ የቤንትሌይን ደግሞ ክሊፎርድ ሃሌ የተባለ ጸሐፊ በ1913 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ አወጣው። ሁለቱም ከወንበሩ ላይ የታየ ታሪክ ነው። መኪናው በአሸዋ ሲዋጥ በጉልበቱ የገፋው፣ ገደል አፋፍ ላይ በገመድ ይዞ ያቆመው፣ ድንጋዩን ከፊት እየለቀመ የጠረገው የአገሬው ሰው በስም አይታወቅም። ለኔ የታሪኩ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። አሸናፊ ተብሎ የተመዘገበው መሪ የጨበጠው ነው፤ መኪናውን ያደረሰው ግን መሪ የጨበጠ እጅ ብቻ አልነበረም።

ምኒልክ መኪናውን ተሳፍረው ሞከሩት። ለአዲስ ነገር ያላቸው ጉጉት የታወቀ ነው፤ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣውና «የሰርኪስ ባቡር» የተባለው የእንፋሎት መዳመጫ ከዚያ በፊት የከተማውን ሰው ጉድ አሰኝቶ ነበር። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን ሕዝቡ በንቀት እንዳይሰድብ አዋጅ ያስነገሩትም እኚሁ ንጉሥ ናቸው። አዋጁ ምን ያህል እንደ ሠራ አንባቢ ያውቀዋል። ቀጥቃጭን ወደ መጨረሻው ላይ እመለስበታለሁ።

የሁለተኛው ዘመን መኪና ግን ለእጅ መንሻ አልመጣም። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከ1500 በሚበልጡ መኪናዎች ተጭኖ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ፋሽስቶች በኋላ «የብረት ፈቃድ ጉዞ» የሚል ስም አወጡለት። ብረቱስ ብረት ነበር፤ ጣርማ በር ሲደርስ ግን ኢትዮጵያውያን መንገዱን አፍርሰው ስለ ጠበቁት የመኪናው ሠልፍ ሁሉ ቆሞ ቀረ። ወታደሩ ድንጋይ ተሸክሞ ገደሉን ሲሞላ፣ መኪናዎቹን በሰው ጉልበት ሲጎትት ሁለት ቀን ያህል ፈጀ። ያ የአንድ ተራራ ጥግ ለአዲስ አበባ የሰጣት ቀናት ግን ደግ ቀናት አልነበሩም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከተማዋን ከለቀቁ በኋላ ዘረፋውና ቃጠሎው ነግሦ ነበር፤ የውጭ አገር ሰዎች በቀበና በላይ ባለው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ተጠልለው በሲክ ወታደሮች ይጠበቁ ነበር። ሠልፉ ሚያዝያ 27 ቀን የገባው በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በዚያው በደሴ መንገድ ነው።

ቀበና ያን ጊዜ ከከተማው ዳር ነበረች። ከእንጦጦ የሚወርደው ወንዝ በክረምት እየሞላ ሰውን ከወዲያና ከወዲህ ይለያይ ነበር። ምኒልክ ለሌጋሲዮኖች ሰፋፊ መሬት የሰጡት በዚህ አቅጣጫ ስለሆነ እንግሊዝ፣ ፈረንሣይ፣ ሩሲያና ጣሊያን ዛሬም ከዚያው አካባቢ አልለቀቁም። በየዘመኑ የመጣ መኪና በቀበና ዳገት ወጥቷል፤ ከበቅሎዋ ቀጥሎ የአምባሳደሩ ጥቁር አውቶሞቢል፣ ቀጥሎ የጦር ካሚዮን፣ ቀጥሎ ላንድሮቨር።

በጣሊያን ዘመን የመጣውን ካሚዮን ሽማግሌዎች በስሙ ይጠሩታል። «ትሬንታ ኳትሮ» ማለት ፊያት 634 ነው። ከጦርነቱ ዓመታት በኋላም ፊያት 682 «ኤንትሬ» ተብሎ የአገሪቱን እህልና ጨው ተሸክሟል። እነዚህ መኪናዎች ወፍራም ባሌስትራ ነበራቸው፤ ባዶ ሲሄዱ እንደ በሬ ጋሪ ያንገጫግጫሉ፣ ሲጫኑ ይለሰልሳሉ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ብዙ ጣሊያናውያን መካኒኮች እዚሁ ቀሩ፤ የኛ ልጆችም ከእጃቸው ሥር ሆነው ቁልፍ እያቀበሉ ሙያውን ለመዱ። ትምህርት ቤት አልነበረም፤ መማሪያ መጽሐፉ ጥፊ ነበር ብለው የሚቀልዱ አሉ። ሞላ፣ ኩሽኔታ፣ ቦኮላ፣ ቺንጋ፣ እነዚህ ቃላት ከመካኒክ ወደ መካኒክ በአፍ ሲተላለፉ እዚህ ደረሱ። ጠላት ጥሎት ከሄደው ነገር እንደ ጋራዥ ቋንቋ የዘለቀ ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ መኪና ለስፖርት መጣ። በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1953 ተጀመረ፤ በአገራችንም ከአብዮቱ በፊት የኢትዮጵያ ሃይላንድ ራሊ የተባለ ውድድር ነበር። ሳፋሪን ማን እንዳሸነፈ ማየት ለጉዳያችን ጥሩ ትምህርት ነው። የፍጥነት ንጉሥ የሆኑት የአውሮፓ ስፖርት መኪናዎች አልነበሩም። ቮልስዋገን፣ እኛ «በርጩማ» ብንለው የሚያምርበት፣ ሦስት አራት ጊዜ ከፊት ወጣ። ፔጆ 404 ከ1966 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. በተከታታይ አሸነፈ። ለስላሳና ረጅም የሞላ እንቅስቃሴ ያለው የቤተሰብ መኪና ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ እግሩን ይዘረጋል፣ ሲወጣ ይሰበስባል። ከሁሉ የሚያስደስተኝ ግን የ1965ቱ አሸናፊ ጆጊንደር ሲንግ ነው። ኬንያዊ ሲክ፣ በሙያው መካኒክ፤ ያሸነፈውም አዲስ መኪና ይዞ ሳይሆን ሌላ ሰው ተወዳድሮበት ያረጀ ቮልቮ ገዝቶ፣ በገዛ እጁ አድሶ ነው። ከመኪናው ሥር ተኝቶ የሠራው ሰው መሪውንም የጨበጠበት አጋጣሚ ነው።

ባሌስትራን «ማሻሻል» የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ይነሣል። ብዙ ሰው ማሻሻል ማለት ማጠንከር ይመስለዋል። ብረት ጨምር፣ ከፍ አድርግ፣ አወፍር። ይህ ለጫኝ ካሚዮን ያስኬድ ይሆናል። ለአገር አቋራጭ መኪና ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው።

እስቲ በሒሳብ እንየው፤ አያስፈራም። የአንድ ጠፍጣፋ ብረት ጥንካሬ የሚያድገው በውፍረቱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ነው። ውፍረቱን እጥፍ ብታደርገው ጥንካሬው ስምንት እጥፍ ይሆናል። ከ6 ሚሊሜትር ወደ 7 ብትሄድ እንኳ፣ ያቺ የጥፍር ያህል ልዩነት ብረቱን በ60 በመቶ ገደማ ታደርቀዋለች። ርዝመቱ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ሲረዝም በዚያው ልክ ይለሰልሳል። በጥቅል ሞላም ሕጉ ከዚህ የባሰ ነው፤ የሽቦው ውፍረት በአሥር በመቶ ቢጨምር ጥንካሬው በ46 በመቶ ያድጋል። እንግዲህ «ትንሽ ወፈር ያለ አምጣልኝ» የሚል ደንበኛ ምን እያዘዘ እንደሆነ አያውቅም ማለት ነው።

የደረቀ ባሌስትራ ምን ያመጣል? ከቀበና ወደ እንጦጦ በሚወጣው በማናቸውም የኋላ መንገድ ላይ ሄዶ ማየት ይቻላል። ተራራው ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ክረምቱ መንገዱን ቦይ ቦይ አድርጎ ይቆርጠዋል፣ የባሕር ዛፍ ሥር ተጋድሞ ይጠብቃል። አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላው ቦይ ውስጥ መውረድ አለበት። ባሌስትራው የሚታጠፍ ከሆነ አራቱም ጎማዎች መሬት ይዘው ይወጣሉ። ካልታጠፈ ግን አንዱ ጎማ ከመሬት ይነሣል። የተነሣው ጎማ አየር ላይ ይሽከረከራል፤ ዲፈረንሺያሉም ጉልበቱን ሁሉ ለሚቀለው፣ ማለት አየር ላይ ለቀረው ይሰጠዋል። መሬት የያዘው ጎማ ዝም ብሎ ይቆማል። ሁለት መቶ ፈረስ ጉልበት ቢኖርህ ምን ይበጅሃል?

ላንድሮቨር የተባለው መኪና እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ሲታይ በአራቱም ጎማ ባሌስትራ ነበረው። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካው ሬንጅ ሮቨርን በ1970 በጥቅል ሞላ አወጣ፤ ተራውን ላንድሮቨር ወደ ሞላ ያዞረው ግን ከጅምሩ 35 ዓመት ቆይቶ፣ በ1983 ነው። ቶዮታም በሰባዎቹ ላንድክሩዘር ፊት ላይ ሞላ ያደረገው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ሞላ ለምቾት ይሻላል። ባሌስትራ ግን ዘንጉን ራሱ ስለሚይዝ ሌላ ማሰሪያ አያሻውም፤ ቢሰበርም አንዱ ብረት ነው የሚሰበረው፣ ሌሎቹ እያዘገሙም ቢሆን ቤት ያደርሳሉ። ጋራዥ በሌለበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ባለፈው ዓመት ቀበና ወንዝ ዳር ካለ ጋራዥ ውስጥ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ተንጋሎ አገኘሁ። ባለቤቱ በሠላሳዎቹ ያለ ጎልማሳ ነው፤ እሑድ እሑድ ከጓደኞቹ ጋር በእንጦጦና በየካ ተራራ «ማን ይወጣል» እያሉ ይፎካከራሉ። ከጓደኞቹ አንዱ ዘመናዊ ላንድክሩዘር ይዟል፤ ባለ ላንድሮቨሩ መሸነፍ መሮታል። መካኒኩ ጸጉራቸው የሸበተ አዛውንት ናቸው።

«ጋሼ፣ ሁለት ሁለት ብረት ይጨመርልኝ። ከፍም ይበል፣» አላቸው።

«ማን ጨምረው አለህ?»

«ከፍ ካለ ድንጋይ አይነካውማ!»

«አንተ ልጅ፣ ይህ መኪና ከፍ ብሎም ታሟል» አሉና ጎንበስ ብለው ከኋላው ባሌስትራ ሥር ሁለት ብረት በጣታቸው አሳዩት። ቀለሙም ውፍረቱም ከሌሎቹ ይለያል። ከዓመታት በፊት የነበረ ባለቤት እህል ይጭንበት ኖሮ፣ ከሌላ ካሚዮን የወጣ ብረት አስቆርጦ ያስገባበት ነው። ልጁ ለዓመታት ሲነዳው የኖረው የጭነት መኪና ነበር እንጂ የተራራ መኪና አልነበረም።

ከዚያ የሆነው ሁሉ ሥራ ነው። ሽማግሌው ሁለቱን ባዕድ ብረቶች አወጧቸው። የቀሩትን በየአንዳንዱ ፈትተው ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈገፈጉ፤ አንዱን ስንጥቅ ስላለው ጣሉና በልኩ ተተካ። «በዌልዲንግ አይያዝም?» ብሎ ለጠየቀ ረዳት መልሳቸው አጭር ነበር፤ ባሌስትራ ተግሎ፣ በዘይት ቀዝቅዞ፣ እንደገና በልክ ሞቆ ጠባዩን ያገኘ ብረት ነው፣ የብየዳ እሳት ሲነካው ያ ጠባይ ይጠፋል፤ ከዚያው አጠገብ ነገ ይሰበራል። በብረቶቹ መካከል ግራፋይት ያለበት ግራሶ ቀቡ። ቦኮላዎቹ ተለወጡ። ሾክ አብዞርበሮቹም ረዘም ባሉ ተተኩ፤ ባሌስትራው ሲዘረጋ አጭር ሾክ እንደ ገመድ ይዞ ያስቀረዋልና። የፍሬን ቱቦውም በዚሁ ምክንያት ረዘመ። ይህን የሚረሳ መካኒክ ደንበኛውን ያለ ፍሬን ቁልቁለት ይሰዳል። የቦኮላዎቹ ቡሎኖች በመጨረሻ የጠበቁት ደግሞ መኪናው ከክሪክ ወርዶ በራሱ ክብደት ከቆመ በኋላ ነው፤ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ላስቲኩ ተጠማዞ ቀርቶ በቶሎ ይቀደዳል።

መኪናው ሲወርድ ቀድሞ ከነበረው አራት ጣት ያህል ዝቅ አለ። የልጁ ፊት ጠቆረ። ገንዘብ ከፍሎ መኪናው ያጠረበት ሰው ደስ ሊለው አይችልም። ሽማግሌው ግን የፊቱን የግራ ጎማ በግቢው ከነበረ የድንጋይ ክምር ላይ ቀስ አድርገው አወጡት። ሦስቱ ጎማዎች ከመሬት አልተነሡም። ወረቀት በሥራቸው ሊያሳልፍ የሞከረው ረዳት አልቻለም።

ከፍ ማለት የራሱ ዋጋ አለው፤ ሽማግሌው ያልተናገሩትን እኔ ልጨምር። የመኪና ክብደት በከፍታ ሲወጣ በጎን ዳገት ላይ መገልበጥ ይቀልለዋል። ዛሬ ከውጭ የሚመጣው የ«ማሻሻያ» ዕቃ አብዛኛው ለዓይን ነው። እርግጥ ነው፣ ጥሩም አለ፤ ከመሐሉ ወፍሮ ወደ ጫፉ እየሳሳ የሚሄድ፣ ሁለት ሦስት ብረት ብቻ ያለው ባሌስትራ ተሠርቷል። ብረቶቹ እርስ በርስ ስለማይፋተጉ በጣም ይለሰልሳል። ፍትጊያው ግን ንጠቱን ያበርድ ስለነበር፣ ያንን የሚገዛ ሰው ጠንካራ ሾክ አብዞርበር አብሮ ካልገዛ መኪናው እንደ ኳስ ይነጥርበታል።

በዚያን ቀን ላንድሮቨሩ ለሙከራ ወደ ላይ ሲወጣ እኔም ከኋላ ተሳፍሬ ነበር። ከተራራው የሚወርዱ ሴቶች የማገዶ እንጨት ተሸክመው መንገድ ለቀቁልን፤ ሸክሙ ከቁመታቸው ይረዝማል፣ ወገባቸው እንደ ደጋን ጎብጧል። በዚያ መንገድ ላይ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከመኪና ይልቅ ብዙ ጭነት ያጓጓዘው ይህ ወገብ ነው። የሱን ውፍረትና ርዝመት ያሰላለት መሐንዲስ የለም።

ስለ ወጡት ሁለት ብረቶች ልንገራችሁ። ሽማግሌው ለቆሻሻ አልጣሏቸውም። የአሮጌ መኪና ባሌስትራ በአገራችን ሞቶ አያውቅም፤ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ እስከ ገጠር ገበያ ድረስ ቀጥቃጭ የሚሻማበት ብረት እርሱ ነው። ሲግል ይታዘዛል፣ ሲቀዘቅዝ ስለት ይይዛል። ማረሻ፣ መጥረቢያ፣ ገጀራ፣ ማጭድ የሚሆነው እርሱ ነው። የጦሩ ካሚዮን በየገደሉ ሲወድቅ፣ «ኤንትሬ» ሲያረጅ፣ ላንድሮቨር ሲበሰብስ፣ ብረቱ ወደዚያው ወደ ተናቀው ባለእጅ ወናፍ ተመልሷል። ሁለቱ ብረቶች ለሦስት ሳምንት ያህል ከጋራዡ ግድግዳ ጋር ተደግፈው ቆዩ። ከዚያ ከሱሉልታ በኩል በአህያ የሚመጣ አንድ ገዢ ዋጋ ተከራክሮ ወሰዳቸው። አንደኛው ለማረሻ እንደሚሆን፣ ሁለተኛው ግን ስለ ሳሳ ለማጭድ ብቻ እንደሚበቃ በጥፍሩ አንኳኩቶ ተናገረ።